መጨረሻ የሚሸኘው ልጅ

ካረጁ አይበጁ ይባላል፤ እኔ ግን ሰሞኑን ደብተር ይዤ ትምህርት ገባሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ኳስ ማሰልጠን ከጀመርኩ ወዲህ ፀጉሬ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ዘንድሮ ምን መጣ? የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ያልወሰደ አሰልጣኝ በልጆች ውድድር ላይ ሜዳው አጠገብ ድርሽ አይልም ተባለ።

ሳቅኩ። የመጀመሪያ እርዳታማ እናውቃለን፣ ውሃ ነው! እግሩን የተመታ ውሃ፣ ጭንቅላቱን የተጋጨ ውሃ፣ አውቆ የወደቀም ውሃ። ለከፋው ልጅ ታዲያ ውሃው የቱ ላይ ይፈሳል?

ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ለምን መሰላችሁ? አብዲ የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ተጫዋች አለኝ። ለፍላፊ ነበር፤ ዳኛውን፣ ተመልካቹን፣ ኳሷን ሳይቀር ያወራታል። ድንገት ዝም አለ። ልምምድ ሲያልቅ የኳሶቹ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ይቀራል። እኔ ጀግናው ምን አልኩት? «ከደከመህ ቤትህ ተኛ!» በነጋታው አልመጣም። በሁለተኛውም ቀን አልመጣም። ጓደኞቹን ብጠይቅ ትከሻቸውን ሰበቁ። ሥልጠናው የተጀመረው በሦስተኛው ቀን ነው።

ያውም ከሰዓት በኋላ። ድሬ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሰው ሰብስቦ ማስተማር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቬንትሌተሩ ያንኑ ሙቀት ከወዲህ ወዲያ ያመላልሳል፤ ግማሾቻችን እናንቀላፋለን። አስተማሪያችን ሲስተር ሂክማ የምትባል ነርስ ናት፣ ልጄ ብትሆን የምትደርስ። አንዳችሁ የከፋው ልጅ ሁኑ፣ ሌላው ያዳምጥ ብላ ለልምምድ አስነሳችን። እኔ የከፋኝ ልጅ ሆንኩ። አዳማጬ ከሳቢያን ሰፈር የመጣ ግዙፍ አሰልጣኝ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሰማኝና፣ «አቦ፣ ሁለት ዙር ሩጥ፣ ይለቅሃል» አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ነቃ።

ሲስተር ሂክማም ስቃ ስታበቃ ወደ ሰሌዳው ዞረች። እንዲህ ያለው ልጅ ይወደው የነበረውን ይተዋል፣ ከጓደኞቹ ይርቃል፣ ዝም ይላል አለች። አብዲ ነው ብዬ ጻፍኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትላላችሁ፣ ልጁ ግን መደበቁንም ላያውቅ ይችላል አለች። ስለዚህ ምን ሆንክ እያላችሁ አታፋጥጡት፤ አብራችሁት ሁኑ፤ ሲናገር ስሙት፤ ለብቻው ለመተው አትቸኩሉ፤ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ወደሚረዳው ሰው ይዛችሁት ሂዱ። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ይህን ነገር የማውቀው ከየት ነው?

ከጋሽ በድሩ ነዋ! ነፍሱን በጀነት ያኑራትና፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ያሰለጥነን የነበረ የባቡር ሠራተኛ ነው። (አንተ ማለቴን አትታዘቡኝ፤ በእኛ ከተማ አንቱታ ለእንግዳ ነው።) ቀን ባቡር ሲጠግን ይውላል፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ግሪስ በነካው እጁ ሜዳ ይመጣል። ልምምዱ ሲያልቅ እያንዳንዳችንን ቤታችን ያደርሰናል። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግረን፣ በቀፊራ ገበያ ዞረን፣ አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ እየጣልን። መጨረሻ የምቀረው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። የእኛ ቤት ደግሞ የት መሰላችሁ? ከሜዳው ጎን! በራችንን አሳልፎ፣ ከተማውን አዙሮ፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝቶልኝ፣ መልሶ እዚያው በራችን ላይ ያደርሰኛል። አንድም ቀን ምን ሆንክ ብሎኝ አያውቅም። ስለ ባቡር ያወራል፣ እኔ ጣቴን እልሳለሁ። አንዳንዴ እኔ አወራለሁ፤ ያኔ እሱ ዝም ይላል።

እኔ ምን ብዬ አመንኩ? ኮከቡ እኔ ነኛ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሚስቴም፣ ለልጆቼም፣ ለፀጉር አስተካካዬም አወራሁት፤ «ጋሽ በድሩ እኮ መጨረሻ የሚሸኘው እኔን ነበር!»

እዚያ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ ዘመኑን አሰላሁ። አባቴ መጣሁ ብሎ ጅቡቲ ሄዶ የቀረበት ዓመት ነበር። እህል አልቀምስም ያልኩበት፣ ከሰው መነጋገር የተውኩበት ዓመት። ያገባሁትን ጎል ላስታውስ ብሞክር አንድም አልመጣልኝም። ለካ ኮከቡ አልነበርኩም፤ የሚያሰጋው ልጅ ነበርኩ። እንባዬ መጣ። ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት፤ በድሬ ሙቀት ማን ይጠረጥራል? በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ ባመሰግነው ምን ነበረበት?

ከአዳራሹ ወጥቼ በቀጥታ ገንደ ቆሬ፣ አብዲ ቤት ሄድኩ። በር ላይ አገኘሁት። «ኮች፣ ተባርሬ የለ እንዴ?» አለኝ። አንጀቴን በላው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ነገ ና አልኩት።

መጣ። ልምምድ ሲያልቅ ሁሉንም እያደረስኩ እሱን መጨረሻ አስቀረሁት። ሙሸበክ ገዛሁ። የመጀመሪያው ቀን ዝም። ሁለተኛውም ቀን ዝም። በአራተኛው ቀን ደቻቱ መሐል ቆመና፣ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ከሄደ ወዲህ ስልክ እንዳልደወለ ነገረኝ። ልመክረው አፌን ከፈትኩ፤ ሙሸበክ ጎረስኩበት። በማግሥቱ ከእናቱ ጋር ሆነን ሲስተር ሂክማ ዘንድ ወሰድነው፤ አሁንም ይመላለሳል። ወንድሙ እስካሁን አልደወለም። ልጁ ግን ከዳኛ ጋር መጨቃጨቅ ጀምሯል፣ ተመስገን ነው።

ባለፈው ሳምንት ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማሁት። «ኮች ለምን እኔን መጨረሻ እንደሚሸኝ ገብቷችኋል? ኮከብ ስለሆንኩ ነዋ አቦ!» ላርመው ብዬ ተውኩት። እኔ ሠላሳ ዓመት ኖሬበት የለ?

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮከብ መሆን የሚጠላ ማን አለ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ቤቱ አልገባም አለ። አሥራ ሰባቱም ተጫዋቾቼ በየበራቸው እያለፉ እስከ እኔ ቤት ይመጣሉ። በር ላይ አድርሰውኝ፣ መግባቴን አይተው፣ ተያይዘው ይመለሳሉ። ሚስቴ ይህን ሁሉ በመስኮት ታያለች። የጋሽ በድሩን ነገርም አሁን እውነቱን ነግሬያታለሁ። ትናንት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ቆይ፣ እነዚህ ልጆች ምን አይተውብህ ነው?»