ጋሽ ታደሰ ያረሙልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰው አገሩን ነጻ ለማውጣት ጠመንጃ ይበቃዋል፤ አፉን ነጻ ለማውጣት ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠች ሴት እንዲህ ያለ ነገር ከየት ታመጣለች? ያለችው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለእኛ ለአዋቂዎቹ እንግሊዝኛ የምታስተምረን አስተማሪያችን ናት።

እንደ እሷ አባባል፣ የጥንቶቹ የአሜሪካ ደራሲዎች እንግሊዝን ካባረሩ በኋላም ብዙ ዘመን የሚጽፉት እንደ እንግሊዝ ነበር። በአገራቸው የሌለች ናይቲንጌል የምትባል ወፍ በግጥማቸው ውስጥ ስታዜም ትውላለች፤ ደጃቸው ላይ የምትጮኸውን ወፍ ግን ዞር ብሎ ያያት የለም። የገዛ ወንዛቸውንና የገዛ ሰፈራቸውን ወሬ በገዛ አነጋገራቸው መጻፍ የጀመሩት ቆይተው ነው አሉ።

የቤት ሥራችንም ከዚያው መጣ፤ ስለምትኖሩበት ሰፈር፣ በራሳችሁ አነጋገር፣ አንድ ገጽ። ለእኔ ቀልድ አልነበረም። የምሠራበት የሕፃናት መዋያ ኃላፊ ከጽዳት አውጥታ ረዳት አስተማሪ ልታደርገኝ ቃል የገባችው ኮርሱን ካለፍኩ ነው፤ ኮርሱ ደግሞ በዚያች አንድ ገጽ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጻፍኩ። ባስ ፌርማታው ላይ ስለምንቆም ሴቶች፤ አረፈደ ብለን ሹፌሩን ስናማው ቆይተን፣ በሩ ሲከፈት በፈገግታ ሃው አር ዩ ስለምንለው። ከልጄ እጅ ብስኩት ቀምታ ስለሮጠችው ሽኮኮም።

ጽፎ ዝም የሚል ሐበሻ ግን አይታችኋል? እኛ ማመልከቻ እንኳ አዋቂ ሳያየው አናስገባም። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ፣ ደብረ ማርቆስ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ጋሽ ታደሰ አሉ። ዛሬ ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ ማረም ግን አልተዉም። ወሰድኩላቸው።

ገጹ ቀልቶ ተመለሰ። አናቱ ላይ ለጤናዎ እንደምን አሉ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ የሚለው የደብዳቤ ሰላምታችን በእንግሊዝኛ ገብቷል። ሹፌሩ የተከበረ ሠረገላ ነጂ ሆኗል። ሐሜታችን ተሰርዟል፤ ነውር ነዋ። ሽኮኮዋማ ጠፍታ፣ በቦታዋ ማን ስታዜም ብትገኝ ጥሩ ነው? ያቺው ናይቲንጌል። እንግሊዝ ከዚህ አገር በተባረረ በስንት ዘመኑ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ዞሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ።

ታዲያ ለምን አስረከብሽው ትሉኝ ይሆናል። ሽማግሌ ያቃናውን ማን ያጎብጣል? በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገልብጬ ሰጠሁ።

በሳምንቱ አስተማሪያችን ወረቀቴን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ወፏን የት እንደሰማኋት በትሕትና ጠየቀችኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እዚህ አገር ግን ማርክም አይገባበትም። ረዳት አስተማሪነቱ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ታየኝ። ክፍል ውስጥ ድምፄን ሰምቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አልሰማኋትም» አልኳት። «ጋሽ ታደሰም አልሰሟትም። እኔ ያየኋት ሽኮኮ ናት፤ የልጄን ብስኩት የበላች ሽኮኮ።»

ከዚያ ማን ያቁመኝ? ሐሜቱንም ፈገግታውንም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ዘረገፍኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ ከኤል ሳልቫዶር የመጣችው ሴትማ የእኛም ፌርማታ እንደዚያው ነው እያለች ጠረጴዛ መታች። አስተማሪያችን ወረቀቱን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ሰጠችኝና፣ አሁን ያወራሽውን እንዳለ ጻፊው አለችኝ። ጻፍኩት። አለፍኩ።

ሥራውን አገኘሁ፤ የቀረኝ ጋሽ ታደሰ ጋ መሄድ ነበር። ለድካማቸው ላመሰግን ብዬ ወጣሁና ያለፍኩበትን የወረቀቱን ጀርባ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ከእርማታቸው አንዲት ቃል እንኳ የለችበትም። ሁለት ጊዜ አነበቡት። በሁለተኛው ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ።

«ልጄ» አሉኝ በሐዘን፣ «ማለፉንስ አልፈሻል። ግን ይኼ ምኑ ጽሑፍ ነው? አንቺው ነሽ እኮ፣ ቁጭ ብለሽ የምታወሪው።»