የባለቤቴን ኮባ ቀበርኩት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑኝም። ግማሻችሁ ደግሞ "ይበለው" ትላላችሁ።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

መቼም ታውቁኛላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ጡረታ ስወጣ ዩቲዩብ እያየሁ ጎንደር ላይ ድራጎን ፍሩት ያበቀልኩ ሰው ነኝ። ፓሽን ፍሩቴ አጥሩን አልፎ የመብራት ምሰሶው ላይ ወጥቷል። አሮጌ ጎማ ውስጥ ዝንጅብል አለኝ። የእርሻ ኮሌጅ ደጅ ረግጬ አላውቅም! ሞተር አውርዶ የሚገጥም ሰው አንድ ሥር ማራባት ያቅተዋል?

ያቅተዋል። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ጓሯችን ውስጥ አንድ ሸጋ ኮባ ነበር። የባለቤቴ የጥሩወርቅ ነው፤ እሷው ተክላ እሷው አሳደገችው። በእኛ አገር የኮባ ሥራው አንድ ነው፤ ደፎ ዳቦ ሲጋገር ቅጠሉ ሊጡን ያለብሰዋል። ሥሩን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

እኔ አየሁት!

አንድ ቪዲዮ ላይ የደቡብ ሰዎች እንሰት ሲያራቡ ተመለከትኩ። እንሰት ማለት ይኸው የእኛው ኮባ ነው። ግንዱን ከታች ይቆርጡታል፤ የሥሩን ልብ ቦርቡረው ያወጣሉ፤ በቦታው ድንጋይ ወትፈው በፍግና በአፈር ይቀብሩታል። ከወራት በኋላ በሥሩ ዙሪያ ችግኝ እንደ ጉንዳን ይፈላል። ከዚያ ቆጮ! ከዚያ ቡላ! የጎንደር የቆጮ አባት ማን ሊባል ነው?

እናንተው ገምቱ።

ጥሩወርቅ አራስ ልትጠይቅ ትክል ድንጋይ ከተማ ሄዳ ሁለት ሳምንት ሰነበተች። እኔ ገጀራ አነሳሁ። ቆረጥኩ፣ ቦረቦርኩ፣ ቀበርኩ። ቅጠሉን ለፓሽን ፍሩት ችግኞቼ ጥላ አደረግሁት። በስልክ ስታገኘኝ ትንፍሽ አላልኩም። ሰርፕራይዝ ነዋ!

አንድ ነገር ብቻ ረስቻለሁ። የዛሬው የሚካኤል ጽዋ ተራው የእኛ ነው።

ትናንት አመሻሽ ላይ ገባች፤ እጇን ታጥባ በዚያው ሊጡን አቦካች። ጠዋት ሊጡ ቡሃቃውን ሞልቶ ኩፍ ብሏል፤ እሳቱ ነዷል። ቢላ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።



የአፈሩን ክምር ስታይ ቆይታ፣ "አንተ ሰውየ፣ ማንን ነው የቀበርከው?" አለችኝ።

አስረዳኋት። ልቡን ቦርቡሬ ስል ፊቷ ተለወጠ። ቪዲዮውን ላሳያት ስልኬን አወጣሁ፤ ቢላው አሁንም በእጇ መሆኑን ሳይ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ለጥላ ያዋልኩትን ቅጠል ሮጬ ባመጣላት ደርቆ ኖሮ እጇ ላይ ተፈረፈረ። በፎይል ብንጠቀልለውስ አልኳት።

"የሚካኤልን ዳቦ እንደ ሳንድዊች?" አለች።

ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ኮባ ያልለበሰ ደፎ ማኅበርተኛ ፊት ያቀረበች ሴት እስከሚቀጥለው ተራዋ ወሬዋ አያልቅም። ጥሩወርቅ ደግሞ በደፎዋ የተከበረች ናት። ሊጡ ከቡሃቃው ሊፈስ ደርሷል።

ሰፈራችን ውስጥ ኮባ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የአያ ደረሰ ቤት።

ወይ ጉዴ!

ምነው ብትሉኝ፣ ባለፈው ሰሞን የአያ ደረሰን ኮባ ባጥር ፎቶ አንስቼ፣ "ኮባን ለዳቦ ማልበሻ ብቻ የሚተክል ሰው፣ ላም ገዝቶ በጥላዋ የሚያርፍ ሰው ነው" ብየ የፖሰትኩት እኔው ነኛ! እናንተም ላይክ አድርጋችኋል፤ አትካዱ። እሳቸው ፌስቡክ የላቸውም ብየ ነበር። ለካ የልጅ ልጃቸው አላት!

በራቸው ላይ ቆሜ ሰላምታ አበዛሁ። ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው። በመጨረሻ ቅጠል የሚለውን ቃል እንደ ምንም አወጣሁት።

"በጥላዋ ያረፍኩባትን ላም ልታልባት መጣህ?" አሉኝ።

አንገቴን ደፍቼ "ተሳሳትኩ" አልኩ።

ያም ሆኖ ገጀራቸውን አንስተው ሸጋ ሸጋውን ራሳቸው ቆረጡልኝ። በነጻ ግን አይደለም። "ያን ጊዜ የጻፍክበት ቦታ ላይ፣ የቀበርከውን ከነፎቶው ትጽፋለህ። ከመልቀቅህ በፊት ታነብልኛለህ" አሉ።

የቅጠል ሸክም ይዤ በሰፈሩ መሃል ስሮጥ ያያችሁኝ ሆሣዕና የደረሰ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ነኝ።

ዳቦው ደረሰ። ማኅበርተኛው በላ፣ ጠጣ፣ ጥሩወርቅን መረቀ። እፎይ ልል ስል የነፍስ አባታችን ወደ ጓሮ ብቅ ብለው ኖሮ፣ ያ ጉብታ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

አፌን ሳልከፍት ጥሩወርቅ ቀደመችኝ። "የሰውየው ዕውቀት ነው፣ አባ።"

አባ ጥምጣማቸውን አስተካከሉና፣ "ነፍስ ይማር" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አሁን አያ ደረሰ አጠገቤ ቁጭ ብለዋል። ይህን ሁሉ አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ "ትንሽ ተሳሳትኩ" ብየ ነበር፤ "ትንሽ" የምትለዋን አስወጡኝ። ቀጥሎ ያለውን ግን አላነብላቸውም፦ ቅድም ከማኅበርተኛው ጋር ዳቦውን በልተው ሲወጡ ጠጋ ብለው፣ ችግኙ ሲወጣ ለእሳቸውም እንዳስቀምጥላቸው በሹክሹክታ ጠይቀውኛል!

ሲበቅል የሚጠይቀኝ ሞልቷል ማለት ነው። ካልበቀለስ፣ ወገኖቼ? ለጥሩወርቅ ገብቶ የሚነግርልኝ ማን ነው?