የጋሽ ተፈራ መኪና ድርጅት ስለሆነችበት ሁኔታ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲሁም ሌሎቻችሁ!

አገር ሲጨንቃት ሰው ያለውን ይሰጣል። አንዱ ልጁን ይሰጣል፣ አንዱ በሬውን ይሰጣል፣ አንዱ ደግሞ ንግግር ይሰጣል። የመርሳው ጋሽ ተፈራ ንግግር ከሚሰጡት ወገን ነበር፤ እንደሱ አብዝቶ የሰጠ ደግሞ በሐብሩ ወረዳ አልታየም። ቆቦ በኩል ተኩሱ እንደገና የጀመረ ሰሞን በተጠራው ስብሰባ ሁሉ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥበትን ሱቅ ዘግቶ ይመጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እኔ በበኩሌ ደሜን!» ይልና ይቀመጣል። ደሜን አለ እንጂ መኪናዬን እንዳላለ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

መኪናዋ ላንድክሩዘር ናት። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ነው ያወጣት። ነጭ ናት፣ አርጅታለች፣ እሱ ግን እንደ ትናንት ሙሽራ ነው የሚያያት። ጭቃ አይወድላትም፣ ጠጠር አይወድላትም፣ ሰውም አይወድላትም። እስከዚያን ቀን ድረስ የጫነችው ትልቁ ዕቃ ራሱ ጋሽ ተፈራ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሙላቱ ሞንታርቦ አስጭኖ እየዞረ፣ «አስቸጋሪ መልክዓ ምድርን መቋቋም የሚችል ተሽከርካሪ ያላችሁ ባለንብረቶች፣ ንብረታችሁን ለግዳጅ ዝግጁ እንድታደርጉ!» ሲል፣ ጋሽ ተፈራ ሚስማር እየመዘነ ነበር። ሚስማሩ ከእጁ ወደቀ። ወዲያው እኔን አስጠራኝ።

የኔ ሙያ ስቲከር ነው። መርሳ ውስጥ ባጃጅ ላይ አንበሳ ካያችሁ የኔ ነው፣ ንስር ካያችሁ የኔ ነው፣ «አትቅና ሠርተህ ግዛ» የሚል ካያችሁም ይቅርታ፣ የኔ ነው። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን እስከዛሬ አልታረቅንም።

«ስማ» አለኝ የግቢውን በር ከውስጥ ቀርቅሮ። «ለግዳጅ የማይነካ መኪና ምን ዓይነት ነው?»

«ጎማ የሌለው።»

«አንተ ልጅ፣ ቁም ነገር ነው የማወራህ!»

«የእርዳታ ድርጅት መኪና ነዋ ጋሼ። እሱን ማን ይነካል?»

መኪናዋን አየ። እኔን አየ። እንደዚህ ያለ አተያይ ቴሌቪዥን ላይ ትልልቅ ሰዎች አገር ሊለውጡ ሲሉ አይቻለሁ።

«በቃ ድርጅት እንሁና» አለ።

በማግስቱ የድርጅቱ ምሥረታ በይፋ ተጀመረ። በይፋ ስል በር ተዘግቶ ማለቴ ነው።

«የእርዳታ መኪና አናቱ ላይ ፖርቶመጋላ አለው» አለ ጋሽ ተፈራ። ፖርቶመጋላ አልነበረንም፤ አልጋ ግን ነበር። ባለቤቱ እትዬ ረሂማ ለሠርጓ የተሰጣት የብረት አልጋ እግሩ ተቆርጦ፣ ራስጌው ወደ ፊት ዞሮ፣ መብራት በመጣች ሰዓት መኪናዋ ጣራ ላይ ተበየደ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኛ ምን ላይ ልንተኛ ነው?» አለች እትዬ ረሂማ ወገቧን ይዛ።

«አሁን የመተኛ ጊዜ ነው እንዴ?»

«ለሷ ነው እንቅልፉ የተፈቀደው?»

ቀጥሎ መተንፈሻ መጣ። ወንዝ የሚሻገሩ መኪናዎች ከጎናቸው ወደ ላይ የሚቆም ቱቦ አላቸው አሉ። ከሱቁ የጣራ ውሃ ማውረጃ ቱቦ አመጣንና ከኮፈኑ ጎን ገተርነው። ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም። ጋሽ ተፈራም ውሃ ሲያይ መኪናዋን ዳር አቁሞ ሱሪውን ሰብስቦ በእግሩ የሚሻገር ሰው ነው። ቢሆንም ቱቦው ግርማ ሰጣት። ከፓራውልቱ ፊት የመስኮት ፍርግርግ አሰርን። ከኋላ ረጅም ፌሮ ብረት ተከልንና አንቴና አልነው።

«በዚህ ከማን ጋር ነው የምንገናኘው?» አልኩት።

«ከበላይ አካል።»

አስቸጋሪው ስቲከሩ ነበር። መኪናዋ የኋላ መስታወት ላይ የሱ ቅዱስ ገብርኤል አለ፤ የፊቱ ላይ የእትዬ ረሂማ «ማሻአላህ» አለ። አገሩ ወሎ ነው፤ አንድ መኪና ሁለት ዘበኛ ቢኖራት ማንም አይገረምም።

«ሁለቱም ይነሱ» አለ ጋሽ ተፈራ። «ድርጅት ገለልተኛ ነው።»

«ከአላህም?» አለች እትዬ ረሂማ።

«ከሁሉም ወገን።»

«እሱን ነው ወገን ያልከው? አስተግፊሩላህ በል!»

አላለም፤ ግን ቀለሙ ተቀየረ። ከብዙ ድርድር በኋላ ሁለቱም ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ እንዲለጠፉ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሲያስፈልጉ ይወርዳሉ፣ ሳያስፈልጉ ይታጠፋሉ።

ለድርጅቱ ምልክት እርግብ ታዘዝኩ። እርግብ የለኝም፤ ያለኝ ንስር ነው። የንስሩን ጥፍር ቆረጥኩ፣ ምንቃሩን አሳጠርኩ፣ አንገቱን ዝቅ አደረግኩ።

«ምንድነው ይሄ?»

«እርግብ ነዋ።»

«ዶሮ አይመስልም?»

«ለተራበ ሰው አይደል ጋሼ? ዶሮ ይሻላል።»

ከሥሯ ስንዴ የያዙ ሁለት እጆች አደረግኩ። እየሰጡ እንዲመስሉ ነበር ሐሳቤ፤ እየነጠቁ መሰሉ። በር ላይ ደግሞ «መሣሪያ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው» ለማለት ጠመንጃ ሠርቼ በቀይ መስመር ሰረዝኩት። ጠመንጃው ከመጠን በላይ አማረና ቀዩ መስመር ማንገቻ ሆነለት። መጨረሻ ላይ ከሳጥኔ የተረፉ አራት የፈረንጅ ፊደሎች ደረደርኩ።

«ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«የድርጅታችን ስም።»

«ሲተረጎም?»

«ሲተረጎም ክብሩ ይቀንሳል።»

ይሄን ወደደው። መኪናዋን አስነስተን ወጣን። ገና አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ሙላቱ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ልብ በሉ፤ መርሳ ውስጥ የጋሽ ተፈራን መኪና የማያውቅ ውሻ እንኳን የለም።

«ጋሽ ተፈራ፣ ይቺ ያንተዋ መኪና አይደለችም እንዴ?»

«ነበረች።»

«አሁንስ?»

«የድርጅቱ ናት።»

«ድርጅቱስ የማን ነው?»

«የተቸገረው ሕዝብ።»

ሙላቱ ዶሮዋን አየ። ቱቦውን አየ። አልጋውን አየ። አሁን ይስቃል ብዬ እኔም ልስቅ ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ የጋሽ ተፈራን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ለካ እሱም ጭንቅ ላይ ኖሯል! ከላይ በየጊዜው ይደውሉና «ቀበሌህ ውስጥ ስንት አጋር ድርጅት ይንቀሳቀሳል?» ይሉታል፤ «ምንም» ሲል ደግሞ «የማስተባበር ችግር አለብህ» ይሉታል። አሁን ድርጅት በእግሩ፣ ይቅርታ፣ በጎማው መጣለት።

«እንኳን ደህና መጣችሁ!» አለ ለጎረቤቱ። «ይቺን መኪና የሚነካ ከኔ ጋር ነው።»

ጋሽ ተፈራ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደረቱን ነፍቶ መንዳት ጀመረ። ደስታው ግን ትምህርት ቤቱ ጋ እስክንደርስ ነበር። እዚያ ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች ሰፍረዋል። ነጭ መኪና፣ አንቴና፣ የስንዴ ሥዕል ሲያዩ ብድግ አሉ። ከፊት የነበሩት ሸህ አብዱልሐሊም ናቸው፤ አገራቸውን ጥለው፣ ሰዋቸውን ሰብስበው የመጡ ሽማግሌ። እንግዲህ በኛ አገር ነገር የሚከፈተው በዱዓ ነው። ጋሽ ተፈራ ከመኪናው እግሩን ሳያወርድ ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቤትህን የሞላ ያድርገው!»

«አሚን!» አለ ግቢው ሁሉ።

«የሰጠኸውን አላህ እጥፍ አድርጎ ይተካልህ!»

«አሚን!»

«አባቴ፣ ይስሙኝማ፣ እኔ እኮ ገና ምንም አልሰጠሁም...»

«ገና የምትሰጠውንም ይተካልህ!»

«አሚን!!»

ጋሽ ተፈራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አሁን ምን ይደረጋል?»

«ካልፈለግክ መልስላቸው።»

«ምኑን?»

«ዱዓውን።»

ዱዓ ደግሞ ከተባለ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ ሱቁ ተከፈተ። ከሚስማሩ ካርቶን ኋላ ዱቄት ወጣ፣ ፓስታ ወጣ፣ ዘይት ወጣ። ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ነበር፤ ክፉ ቀን መምጣቱን ግን ማንም በይፋ አልነገረውም። እያወጣ የሚያድለው እሱ አልነበረም፤ እትዬ ረሂማ ናት።

«ቀስ በይ እንጂ!» ይላታል።

«ድርጅት አይደለን? ድርጅት ሰው ፊት ይሰስታል?»

ሸሁ በየቀኑ ይመርቃሉ፣ እኛ በየቀኑ እንሰጣለን። ብርድ ልብሱ ሄደ። አፈር ውስጥ ቀብሮ የደበቀው ናፍጣ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ወልድያ ሆስፒታል ሲያደርስ አለቀ። ሴትዮዋም ወንድ ልጅ ወልዳ ስሙን ተፈራ አለችው። ጋሽ ተፈራ ያን ቀን አለቀሰ፤ ናፍጣው ስላለቀ ነው ብሎናል። ስብሰባ መሄድም ተወ፤ ጊዜ አጣ።

ጓዳው ባዶ ሆኖ፣ እትዬ ረሂማ የመጨረሻውን ዱቄት ከጆንያው ስፌት እያራገፈች ሳለ፣ የሚያስደስት ወሬ መጣ። ከደሴ በኩል እውነተኛ እርዳታ! ስንዴ የጫኑ የጭነት መኪናዎች አስፋልቱ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ከፊተኛዋ መኪና ዮርዳኖስ የምትባል አስተባባሪ ወረደች። ሰዉ እልል አለ። እሷ ግን ዓይኗ የኛ ዶሮ ላይ ተተከለ።

«ይሄ የየትኛው ድርጅት ነው?» አለች።

ጋሽ ተፈራ ላብ አጠመቀው። የሐሰት ድርጅት ነኝ ቢል እሥር ቤት፣ መኪናዋም ከእጁ ትወጣለች። እውነተኛ ነኝ ቢል ደግሞ... እሱን ገና አላሰበውም ነበር።

«የ... የአካባቢው ነው» አለ።

«ሥራ ላይ ናችሁ?»

«መቶ በመቶ!» ብሎ ገባ ሙላቱ። «ወደ በላይ አካልም ሪፖርት ተደርጓል። በቀበሌያችን ያልተደረሰበት ተፈናቃይ የለም!»

ዮርዳኖስ አላመነችም። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባት፣ እውነት ነው? ረድተዋችኋል?»

ሸህ አብዱልሐሊም ዋሽተው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልዋሹም። «ልጄ፣ ይሄ ሰው ባይኖር እኛ አልነበርንም። አብልቶናል። አልብሶናል። ለአላህ እንመሰክራለን።»

ሴትዮዋ ፊቷ በራ። «በጣም ጥሩ ነው። ሥራ እንዳይደራረብ ክፍተት ወዳለበት እንሂድ።» ከዚያ ጋሽ ተፈራን ትክ ብላ አየችው። «እርስዎ ጋ ክፍተት አለ?»

ጋሽ ተፈራ ስንዴውን አየ። መኪናዋን አየ። አንቴናዋ በነፋስ ስትወዛወዝ አየ።

«ድርጅታችን... አቅም አለው» አለ።

መኪናዎቹ ሞተራቸውን አስነስተው ወደ ሲሪንቃና ወልድያ አቅጣጫ ነጎዱ።

«የት ነው የሚሄዱት?» አሉ ሸሁ።

«ክፍተት ወዳለበት» አለ ሙላቱ።

«እኛ ሆድ ውስጥ ያለውስ?»

ሙላቱ ይሄ በቀበሌው ሥልጣን ሥር እንደማይወድቅ አስረዳ። እትዬ ረሂማ ባሏን ክንዱን ይዛ ጎተተችው።

«ሂድ መልሳቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ዋሽቻለሁ ብለህ።»

«መኪናዬን ቢወስዷትስ?»

«እና ለነገ እሷን ልቀቅላት?»

ጋሽ ተፈራ አንገቱን ደፋ። ከዚያ፣ እውነቱን ልናገር፣ እንደ ወንድ ቀና አለ። «ድርጅት ሆኜ ሄጄ ድርጅት አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል? ስቲከሩን ላጠው!» አለኝ። ቢላ አንስቼ ላጥኩ። ዶሮዋን ላጥኩ፣ እጆቹን ላጥኩ፣ ጠመንጃውን ላጥኩ፣ ስማችንን ላጥኩ። ሙላቱ «ሪፖርቴን!» እያለ ይጮሃል። ከባጃጅ ሹፌሮች ትንሽ ናፍጣ የሚመስል ነገር ለምነን ሞላንና ነዳጅ ረግጠን በረርን። ጋሽ ተፈራ በሕይወቱ ጉድጓድ ላይ ሳይቀንስ የነዳው ያኔ ብቻ ነው።

ሲሪንቃ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። የጭነት መኪናዎቹ አልፈዋል፤ አቧራቸው ገና አልረጋም። አንድ ወታደር መጥቶ መኪናዋን ዞሮ አያት። ፍርግርጉን በጫማው ጫፍ መታ፣ አልጋውን ነቀነቀ።

«ጥሩ ተዘጋጅታለች። የግል ናት?»

ጋሽ ተፈራ ደነገጠ። «የእርዳታ ድርጅት ነኝ!»

«ምልክትህ የታል?»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ስቲከሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼው ነበር። አውጥቼ ዘረጋሁለት። ወታደሩ አየት አደረገና፣ «ይሄማ ዶሮ ነው» አለ። «ውረዱ። ለግዳጅ ተፈልጋለች።»

ወርደን በእግራችን ወደ መርሳ ተመለስን።

በሳምንቱ ሙላቱ ስብሰባ ጠራ። «ሌላው ባለንብረት ተሽከርካሪውን በየጓሮው ሲሸሽግ» አለ ድምፁን ሞቅ አድርጎ፣ «በራሳቸው ወጪ መኪናቸውን በልዩ ልዩ መሣሪያ አደራጅተው፣ ሳይጠየቁ፣ ራሳቸው እየነዱ ሲሪንቃ ድረስ ወስደው ለግዳጅ ያስረከቡ የከተማችን ብቸኛው ጀግና አቶ ተፈራ ናቸው! ስንዴውን በተመለከተ ጥያቄያችሁን አቅርበን ነበር፤ ክፍተት የለባችሁም የሚል ምላሽ ተሰጥቶናል። አሁን ለጀግናችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

አዳራሹ ተናጋ። የተፈናቀሉትም፣ የከተማውም ሰው አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጡት ሸህ አብዱልሐሊም ግራ ገብቷቸው እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ።

እትዬ ረሂማ ወደሳቸው ዘንበል አለች።

«ያጨብጭቡ አባባ፣ በደንብ ያጨብጭቡ» አለቻቸው። «የዛሬ እራታችን እሱ ነው።»