ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ

በየቤተሰቡ አንድ «ይሄማ ቤት ይሠራል» ባይ አለ። የሌለበት ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው ካለ አድራሻውን ይስጠኝ፤ ዕቃዬን ጠቅልዬ እገባበታለሁ። የእኛዋ ታላቅ እህቴ ናት።

የሱቅ መስታወት ፊት ትቆማለች። ዕቃውን ለአፍታ ታየዋለች፤ አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች፤ ከንፈሯን ትመጥጣለች። «ለዚህ ነው እንዴ ሰው የሚጋፋው? ይሄማ ቤት ይሠራል።» ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዘዝ የእኛ ነው።

ሳሙና ሠርታለች። አረፋ አልነበረውም፤ ከገንዳው ግን አልላቀቅ ብሎ በቢላዋ ፋቅነው። የጫማ ቀለም ሠርታልኝ ፀሐይ ላይ ስወጣ ቀለጠ፤ ከጫማዬ ወደ ካልሲዬ፣ ከካልሲዬ ወደ ሐኪሜ ምንጣፍ ተሸጋገረ። ሶፋዋን ራሷ አልብሳዋለች፤ እስከ ዛሬ እንግዳ ይቀመጥበትና «ምንድን ነው የወጋኝ?» እያለ ይነሳል። የጥርስ ሳሙናዋን ቀምሶ የነበረው የሕንፃችን ዘበኛ አሁንም ሲያያት አፉን በእጁ ይሸፍናል።

ክብርት ሥራ አስኪያጅ ነው የምንላት፣ በሌለችበት። ሃያ ሁለት ዓመት ላውንደሪ ቤት መርታለች። የእሷ ስታርች የነካው ኮሌታ አንገት ባይኖርም ለብቻው ይቆማል ይባል ነበር፤ እውነት ነው፣ አይቻለሁ። ችግሩ፣ አንዱን ሙያ ጠንቅቃ ስላወቀች ሁሉንም የምታውቅ ይመስላታል። «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላ ሰው ስትጠይቅ የሰማ የለም።

ይህን ሁሉ ችለን ኖረናል። ያልቻልነው አንድያ ልጇ ሱቅ የከፈተች ዕለት የሆነውን ነው።

የእህቴ ልጅ የከፈተችው የፍራፍሬ ባብል ሻይ ቤት ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ቀዝቃዛ ሻይ፣ የማንጎ ወይም የእንጆሪ ጭማቂ፣ በረዶ፤ ከብርጭቆው ሥር ደግሞ ከካሳቫ ስታርች የተድቦለቦሉ፣ እንደ ማስቲካ የሚታኘኩ ጥቋቁር ኳሶች። በወፍራም ስትሮ ከሻዩ ጋር ወደ አፍ ይሳባሉ። ልጅቱ ሦስት ዓመት የሰው ሱቅ ተቀጥራ ሙያውን ተምራ ነው ለራሷ የከፈተችው። በመክፈቻው ቀን ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእናቷ ሰጠች። እናቷ ሳበች፤ አኘከች፤ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

ከኋላዋ ነበርኩ። «እትዬ፣ በፈጠረሽ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ይሄማ ቤት ይሠራል!» አለች፣ የሰልፉ ጫፍ በሚሰማው ድምፅ።

ሰልፉ ሳቀ። ልጅቱ አልሳቀችም። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። በሳምንቱ ክፍል ተከራይታ ከእናቷ ቤት ወጣች። ስምንት ወር ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም።

ሌላ እናት ብትሆን ይቅርታ ትላለች፣ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ሰው ትልካለች። የእኛዋ ኳስ መሥራት ጀመረች። «ስታርች ያው ስታርች ነው» ብላ ከላውንደሪው የተረፈውን ፓኬት ከፈተች።

የመጀመሪያው ብርጭቆ የደረሰው ለእኔ ነው። ከእሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ስለምኖር ማምለጫ የለኝም።

«እንዴት ነው?»

«የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሸሚዝ ይላል።»

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የኮሌታ ስታርች ነው።»

«ታዲያ ሞትክ?»

ቀጥላ ትክክለኛውን የካሳቫ ዱቄት ገዛች፤ ነገሩ ባሰ። አንድ ቀን ኳሶቹ ውሃ ውስጥ ሟሙተው ሙጫ ሆኑ። ሌላ ቀን ጠጠር ሆኑ። አንዱ መንጋጋዬን ሰነጠቀልኝና የጥርስ ሐኪሙ «ምን ነክሰህ ነው?» ሲለኝ «ሻይ» አልኩት። ወደ ጆሮ ሐኪም ሊልከኝ ምንም አልቀረውም።

«ስታርች የሚበጠበጠው በቀዝቃዛ ውሃ ነው» ትላለች፣ እጇን ሳህኑ ውስጥ ነክራ። «ትኩስ ውሃ ካገኘው ይጓጉላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

ምንም አልነገርኳትም ነበር።

ጥፋቱ እዚያው ላይ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሱቅ እየሄድኩ ጥግ እቀመጣለሁ፤ ሲሠራም አይቻለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ለሸሚዝ ነው። ለኳስ ሲሆን ውሃው እየተንተከተከ ነው ዱቄቱ ላይ የሚፈሰው፤ እጅ እየፈጀ፣ በትኩሱ ይታሻል። አንድ ቃል ብተነፍስ የእህቴ ስቃይ ያበቃ ነበር፤ የእኔም መንጋጋ ያርፍ ነበር። አልተነፈስኩም። ኳሱ የተሳካላት ቀን ምን እንደምታደርግ አሳምሬ አውቃለሁ፦ ብርጭቆዋን ይዛ ሄዳ፣ በደንበኛ ፊት፣ የልጇ ባንኮኒ ላይ ታስቀምጠዋለች። ያኔ ስምንት ወሩ ስምንት ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ሙጫውን ጠጣሁ።

ልጅቱንም ላግባባት ሞክሬያለሁ።

«እናትሽ እኮ ክፋት የላትም» አልኳት አንድ ቅዳሜ።

«ክፋት ቢኖራት ይሻል ነበር፣ አጎቴ» አለች፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች። «ክፉ ሰው ቢያንስ አስቦበት ነው የሚናገረው።»

ሌላ ማንጎ አዘዝኩ።

ባለፈው ወር መልእክት ላከችልኝ። «ሐሙስ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ የቀረውን ዕቃ መጥቼ እወስዳለሁ። ንገርልኝ።» ወርጄ ነገርኩላት። ክብርት ሥራ አስኪያጅ ምድጃ ትወለውል ነበር፤ ሰምታኝ መወልወሏን ቀጠለች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ።

ሁለታችንም ገብቶናል። ልጅቱ ወደዚያ ቤት የምትመለስበት ምክንያት ቢኖር አራት ካርቶንና አንድ ብርድ ልብስ ነበር። ከሐሙስ በኋላ እሱም አይኖርም።

ረቡዕን ሙሉ ከታች የድስት ድምፅ ስሰማ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ሳትጠራኝ ወረድኩ። ማጠቢያው በድስት ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይ ሳይቀር ሊጥ ደርቋል። እህቴ እስከ ክርኗ ነጭ ሆና ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው የማጠፋው?» አለችኝ።

ስድሳ ዓመት አውቃታለሁ፤ ይህን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ኳሱ ትሁን ስለ ልጇ አልለየሁም። የአንዱን መልስ ብቻ ነበር የማውቀው፤ እሱንም ዋጥኩት።

«እሷን ጠይቂያት» አልኩ።

«ማንን?»

«ሙያው የማን ነው?»

«ውጣልኝ ከዚህ» አለች።

ሐሙስ ልጅቱ መጣች። እኔን ሳመችኝ፤ ለእናቷ ራሷን ነቀነቀች። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ታች ወደቆመው ታክሲ አወረድን። እናትየው የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ የሽርጧን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፤ እንደገና ታጥፋለች። በቃ፣ አልኩ በልቤ፤ እዚህ ላይ አለቀ። ልጅቱ ብርድ ልብሱን አቅፋ ደረጃው አፍ ላይ ደረሰች።

«ውሃው…» አለች እህቴ።

ልጅቱ ቆመች።

«ውሃው ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሙቅ?»

«የቱ ውሃ?»

«የኳሱ።»

ልጅቱ ዞረች። ያየችው የእናቷን ፊት አልነበረም፤ እጇን ነው። በየጥፍሩ ዙሪያ ዱቄት ደርቆበታል። ታች ታክሲው ክላክስ አደረገ።

«የፈላ» አለች ልጅቱ በመጨረሻ። «እየተንተከተከ እያለ ነው የሚደፋው። ለብ ካለ አይያዝም።»

ወረደች።

ይኸው ነው። መተቃቀፍ አልነበረም። እንባም አልነበረም። ታክሲው ሄደ፤ እኔ ባዶውን ክፍል አየሁ፤ የአልጋው እግሮች ምንጣፉ ላይ አራት ጉድጓድ ትተዋል። እህቴ ውሃ ጣደች።

በማግስቱ ስልኳ ጮኸ። አጠገቧ ነበርኩ፤ ድምፅ ማጉያውን መዝጋት ስለማታውቅበት ሁሉንም ሰማሁ። ሰላምታ የለም።

«ያዘልሽ?»

«እጄን ፈጀኝ።»

«ይፈጃል። ስንት ደቂቃ ቀቀልሽው?»

«አስር።»

«አስር? ጥሬ ነዋ፣ እማ! ሠላሳ ነው። ከዚያ አውጥተሽ፣ ከድነሽ ተይው።» ተዘጋ።

«እማ» መባሏን ሰምታለች። ስልኩን በሽርጧ ወለወለችው፤ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሦስት በአራት ቀን አንዴ ይደዋወላሉ። ወሬያቸው ውሃና ደቂቃ ነው። የመክፈቻው ቀን አይነሳም፤ መቼም የሚነሳ አይመስለኝም። ልጅቱ ደረጃውን አልወጣችም፤ እናትየው ሱቁን አልረገጠችም። የሁለት ሰዎች ፍቅር በሙሉ በአንድ ድስት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ድስቱ ደግሞ የእህቴ ነው። ተስፋ አድርግ ብትሉኝ አልችልበትም።

ኳሶቹ ግን ተስተካከሉ። ባለፈው ሳምንት የሰጠችኝ ብርጭቆ ከሱቁ አይለይም ነበር። ማንጎው ማንጎ ነው፤ ኳሱ ለስላሳ ነው፤ መንጋጋዬ እንኳን አልተቃወመም። «እንዴት ነው?» ስትለኝ «ተዋጣልሽ» አልኳት። ሁለታችንም ፊታችን ጠቆረ። የተዋጣለት ሰው ምን ብሎ ይደውላል?

ትናንት ስወርድ ጀርባዋን ሰጥታኝ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ማንቆርቆሪያው ገና ማጉረምረም ሲጀምር፣ አንድ አረፋ ሳያወጣ፣ አወረደችውና ዱቄቱ ላይ ደፋችው። ዞር ስትል አየችኝ።

«ምን ያስፈጥጥሃል?»

«ምንም።»

«ቁጭ በል እንግዲያ።»

ቁጭ አልኩ። የሆነውን ሆኖ ሲደርስ ብርጭቆውን አስጨበጠችኝና ስልኳን አነሳች።

«ሄሎ፤ ዛሬም እኮ እምቢ አለኝ…»

ሙጫ ነበር። ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁት።