በእጄ ያላለፈ በሽታ የለም

አትክልት በሚለማበት ሰፈር ሁሉ ሳይጠራ የሚመጣ ሐኪም አይጠፋም። እኛ ሰፈር የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት እናንተው ትሆኑ፤ እስኪ ጎረቤት ጠይቁ።

የእኛው ክቡር ፕሮፌሰር ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳያቅማሙ ተቀበሉት። ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጉብኝት ይጀምራሉ። "ቅጠል ሕመሙን የሚናገረው በጠዋት ነው" ይላሉ። የአንዱን ቲማቲም ያገላብጣሉ፣ የሌላውን ቃሪያ ቀንጥሰው ያሸታሉ፣ አጥር ተሻግረው የሦስተኛውን ይዳብሳሉ። ፈቃድ ሲጠይቁ ያየ የለም። "ምን ሆኖ ነው ጋሼ?" ካላችኋቸው መልሱ አንድ ነው፦ "ተወው፣ በእጄ ያላለፈ በሽታ የለም።"

አንድ ጊዜ ቃሪያዬን "ፀሐይ በዝቶበታል" ብለው ዳስ አስጣሉኝ። በሳምንቱ "ፀሐይ አጥቷል" አሉና አስፈረሱኝ። ሁለቱንም እሺ ብዬ አደረግሁ። ምን ላድርግ፣ ሲናገሩ ያሳምናሉ።

ዘንድሮ ግን ሳቁ ቀረ። ታላቅ እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በቲማቲሟ ነው፤ ሌላ ነገር የላትም። ዝናቡ በበረታ ሰሞን ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ጠቃጠቆ ወጣ። ፕሮፌሰር አንዱን ቅጠል በጣታቸው አሻሽተው "ፈንገስ ነው" ሲሉ ፈረዱ። መድኃኒት አስረጯት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። በየማለዳው እየመጡ እያንዳንዱን ተክል እየዳበሱ አስታመሙት። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ረገፈ፤ ፍሬው ላይ እከክ የመሰለ ነገር ወጣበት። እከካም ቲማቲም ማን ይገዛል?

በመጨረሻ በሽታው ወደ ጎረቤት ማሳም ሲሻገር የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ መጣች። "ባክቴሪያ ነው፣ የፈንገስ መድኃኒት አይበግረውም" አለች። ቀጥላም "እንዲህ ቶሎ ከማሳ ማሳ መዛመቱ ገርሞኛል። እርጥብ ቅጠል እየነካ የሚዞር ሰው አለ?" ስትል ጠየቀች።

ሁላችንም አቀረቀርን። ፕሮፌሰር መዳፋቸውን አዩ። ለካ እውነታቸውን ኖሯል፤ በእጃቸው ያላለፈ በሽታ አልነበረም። ሳቄ መጣ፤ እህቴን ሳያት ግን ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲያ ጠፉ። እህቴ ቲማቲሙን ልትነቅል በወጣችበት ቀን አጥሩ ጋ ቆመው አገኘናቸው።

"ልግባ፣ ልጄ?" አሏት።

የያዘችውን ተክል ነቅላ ጣለች። እኔ ብሆን አባርራቸው ነበር።

"ይግቡ ጋሼ። ከእንግዲህ የሚበላሽ ነገር የለም።"

ገብተው ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ ሳይሉ ሲነቅሉ ዋሉ። ያን ቀን የእሳቸው ዝምታ ከበደኝ፤ ለካ እወዳቸዋለሁ።

መሬቱ ቲማቲምም ቃሪያም ሳይነካው እንዲከርም ተባለ። እህቴ አሁን በሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ እኔ ደግሞ መሬቷ ላይ ጥቅል ጎመን ተከልኩላት። ፕሮፌሰር በመንገዱ ያልፋሉ፣ ግን ወደ ማሳው ቀና ብለው አያዩም።

ትናንት ማለዳ ጠራኋቸው። "ጋሼ፣ የእህቴ ጎመን አላማረኝም፣ እስኪ ይዩልኝ።" ጎመኑ አንድም ነገር አልሆነም።

አጥሩ ጋ መጥተው ቆሙ። "አይ፣ ቅጠሉ እርጥብ ነው" አሉ።

"ይደርቃል" አልኳቸው። የተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቅሁላቸውና ፀሐይ እስክትጠነክር አብረን ጠበቅን።