በበረዶ ላይ የቆመችው ጃፓናዊት

የፊልም መጨረሻ ሳይነግርዎ የማይሰናበት ወዳጅ አለዎት? እኔ አለኝ፤ በርባንክ ፊልም ስቱዲዮ በር ላይ የእንግዶችን መኪና ፓርክ የሚያደርገው ተፈራ።

የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ፣ እትዬ ብርቄ ምግብ ቤት፣ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ የጃፓን ሥዕል ተሰቅሏል። ከድሮ ልብወለድ መጀመሪያ ገጽ የወጣ ነው። አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ፣ በረዶ ላይ ቆማ ሰው ትጠብቃለች። የእትዬም ዓይን፣ የልጃቸው ስልክ ዝም ካለ ወዲህ፣ ከበሩ አይነቀልም።

ታዲያ ተፈራ መጨረሻውን ሳያውቅ ያስችለዋል? ለዶክትሬት የሚያጠና ይመስል ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት ዞሮ፣ የልብወለዱን ትርጉም አግኝቶ አነበበ።

«እትዬ፣ ቼክ አድርጌዋለሁ» አላቸው ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለለ። «ያቺ ጃፓናዊት የምትጠብቀው ሰውዬ አይመጣም።»

እትዬ ቀና ብለው ሥዕሉን አዩ።

«ድምፅህን ቀነስ አድርግ፣ ልጄ» አሉት። «እሷ ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ናት።»