ከጎን የተነሳው ፎቶዬ

ድሃ በሥዕል ላይ እንዴት እንደሚሳል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስጢፋኖስን ልሳለም በሄድኩ፣ ሌላም ደብር በረገጥኩ ቁጥር ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ ነው የኖርኩት። የኔ ቢጤው ከባለጸጋው ደጅ ተኝቷል፣ ልብሱ ተበጫጭቋል፣ ውሾች ቁስሉን ይልሱታል። ግን የጥንቱ ሠዓሊ ሁለት ዓይኑን ሰጥቶ ፊት ለፊት ነው የሚስለው። በአንድ ዓይን፣ ከጎን የሚሳለው ሰይጣን ነው። የዛሬው ሠዓሊ ደግሞ ካሜራ አንጠልጥሎ በመኪና ይመጣል።

እኔ ሐይቅ ዳር ብቻዬን የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮ ነው፤ እሱም ባትሪው ሲደክም ያኮርፋል። አንዲት ልጄ ፋንታዬ ጅዳ ናት። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፣ ኋላ በየበዓሉ፣ ከዚያማ ተዉት። በደወለች ቁጥር "ደህና ነኝ፣ አታስቢ" እላታለሁ። አምናኝ ነው መሰል፣ ማሰቡን ተወችው።

አምና ፍግ ስዝቅ አንድ የእርዳታ ድርጅት ፎቶ አንሺ መጣ። "አባባ፣ ፎቶ ላንሳዎት?" አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ለፋንታዬ የምልከው አገኘሁ ብዬ ሮጬ ገባሁ። መቼም የኛ አገር ሰው ፎቶ ሲባል ሳጥን ይከፍታል። የክት ኮቴን ለበስኩ፣ ጢሜን አበጠርኩ፣ ወጣሁ። የልጁ ፊት ጠቆረ።

"አባባ፣ ቅድም እንደነበሩት ቢሆኑልኝ ነው የምፈልገው።"

"ቅድም እኮ ፍግ እየዛቅኩ ነበር!"

"እሱን ነው የምለው" አለ።

እንግዳ ማሳፈር ነውር ሆነብኝና ያችን የተቀደደች ሸሚዝ መልሼ ለበስኩ። ወደ ውኃው እንድመለከት አድርጎ ከጎን አነሳኝ። በኮቴም አንድ አነሳኝና "እልክልዎታለሁ" ብሎ ሄደ። ይኸው እስካሁን እየላከ ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ሰይድ ከውጫሌ ገበያ ሲመለስ እየጮኸ መጣ። "አያ ሞላ፣ ወላሂ መንገድ ዳር ታፔላ ላይ ተሰቅለሃል! ባጃጁ ሁሉ በሥርህ ነው የሚያልፍ።"

በማግስቱ ሄጄ አየሁት። ቤት የሚያህል እኔ በአንድ ዓይን ባዶውን አፈጣለሁ። ከሥሩ "ጠያቂ የሌላቸው አባት" ይላል። ስለ ሸሚዙ ልሳደብ ነበር የሄድኩት፤ ጽሑፉን ሳነብ ግን አፌ ተያዘ። ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዴት በተሳደብኩ!

ፎቶው በስልክ ዞሮ ዞሮ ጅዳ ደረሰ። ፋንታዬ እያለቀሰች ደወለች። "አባዬ፣ እንዲህ ሆነህ ነው ደህና ነኝ የምትለኝ? ለፋሲካ መጣሁ!"

"ኧረ ፍግ ስዝቅ ነው" ልላት ከአፌ ደረሰ። ዋጥኩት።

ይኸው ፋሲካ እየደረሰ ነው። ሰይድ ኮትህን አናፍሰው እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ ግን ያችን የፍግ ሸሚዝ ደጃፌ ላይ ሰቅዬ፣ እንዳትታጠብም እንዳትሰፋም እየጠበቅኋት ነው። ልጄ ስታየኝ ትደነግጣለች። ትደንግጥ። ደህና ነኝ ስላትማ መቼ መጣች?